ትንፋሽ የማይዝ ድንጋይ

ደሴ፣ ከአርመኑ አንጥረኛ ከሙሴ ካራፔት ሱቅ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ መጥረግ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ብዙ አልቆየም። አባቴ ሰቆጣ ላይ ብር እየቀጠቀጠ ያሳደገኝ ስለሆነ መዶሻ ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተሰጠኝ ግን አጭር መጥረጊያና የቆርቆሮ ጣሳ ነው። ጠርጌ ጥራጊውን ወደ ደጅ ልደፋ ስል አርመኑ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጮኸብኝ። ከአንጥረኛ ጠረጴዛ ሥር የተጠረገ አቧራ አይደፋም፤ ተጠራቅሞ ይቃጠላል፣ ከአመዱም የወርቅ ብናኝ ይወጣል። ይህን ለመማር አንድ ጩኸት በቃኝ።

ከምሳ በኋላ ጠራኝና ጥቁር ጨርቅ ላይ ሁለት ድንጋዮች አስቀመጠልኝ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፣ መጠናቸውም አንድ ነው።

«የቱ አልማዝ? የቱ ጠርሙስ?» አለኝ። አማርኛው እንዲህ ቁርጥርጥ ያለ ነበር።

ይበልጥ የሚያብረቀርቀው መስሎ የታየኝን አነሳሁ። ሳቀብኝ። ከዚያ ሁለቱንም በጉጠት ይዞ ወደ አፌ አስጠጋና «ተንፍስ» አለኝ። ተነፈስሁ። እኔ ያነሳሁት ድንጋይ ጭጋግ ለበሰና ቆየ። ሌላኛው ላይ ያረፈው ትንፋሽ ግን ወዲያው ጠፋ፤ ማረፉን እንኳ ዓይኔ አልያዘውም።

«አልማዝ ትንፋሽ አይዝም» አለ ሙሴ ካራፔት። «አልማዝ ማንንም አያውቅም።»

ሙቀትን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ነው እንዲህ የሚሆነው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ያን ዕለት ግን ሰውነቴን ነዘረኝ። እዚያው ፊቴ ላይ ያለ ነገር መተንፈሴን የካደኝ መሰለኝ።

ደሴ ላይ ዓመታት ተቀመጥሁ። ከጠራጊነት ወደ ወናፍ ነፊነት፣ ከወናፍ ወደ ሞረድ፣ ከሞረድ ወደ ብየዳ አለፍሁ። ድንጋይ ማስቀመጥ የመጨረሻው ማዕረግ ነው፤ እሱን ያገኘሁት ሙሴ ካራፔት እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ወርቁን በጥፍር ቅርጽ አውጥቶ ድንጋዩን ሳይጫኑት መያዝ ብዙ ትንፋሽ ማቆም ይፈልጋል።

አልማዝ ስለ መለየት ያስተማረኝን እናንተም እንድታውቁት ባጭሩ ልጻፈው። ያልተቀመጠ ድንጋይ ከሆነ ፊቱን ወደ ታች ደፍታችሁ ጽሕፈት ላይ አኑሩት፤ ፊደሉ በውስጡ ከተነበበ ጠርሙስ ነው። ቀለሙን ለማየት ነጭ ወረቀት አጥፋችሁ በእጥፋቱ ውስጥ አስቀምጡትና በጠዋት ብርሃን ከጎኑ እዩት። ቢጫ ከጣለ ዋጋው ይወርዳል። ውስጡን በማጉያ መስታወት መርምሩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። የጠርሙስ ጠርዝ ሲቆይ ይዶለዱማል፣ የአልማዝ ግን ስለቱን አይለቅም። ትልቅነቱ አያታላችሁ። ትልቅ ሆኖ በቅጡ ያልተቆረጠ ድንጋይ ብርሃን ስለማይመልስ የሞተ ሰው ዓይን ይመስላል። ከሥሩ የተዘጋ ቀለበት ደግሞ ጨርሶ አትግዙ፤ ከድንጋዩ ሥር የብር ወረቀት ተሸጉጦበት ሊሆን ይችላል።

አባቴ ሲሞት ወደ ሰቆጣ ልመለስ ሆነ። ሙሴ ካራፔት ሲያሰናብተኝ ማጉያ መስታወት ሰጠኝ። ከማጉያው ጋርም ያችን የመጀመሪያ ዕለት ያነሳኋትን የጠርሙስ ድንጋይ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አልማዝ አምጥተው ሲያሳዩህ ይችን ከጎኑ አድርገህ ተንፍስ» አለኝ። የእኔን ስህተት ለመታሰቢያ ማስቀመጡ ገርሞኝ ስቄ ተቀበልሁት።

ሰቆጣ አልማዝ የሚገዛ ሰው የሞላበት ከተማ አልነበረም። ጨው ጭነው ከቆላ የሚወጡ፣ ማርና ቆዳ የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው የሚያልፉበት። የእኔም ሥራ ያው የአባቴ ሥራ ሆነ፤ ማርትሬዛ ብር አቅልጦ የአንገት መስቀል፣ የእግር አልቦ፣ የክታብ ማቀፊያ መሥራት። የማጉያ መስታወቱን ከደረት ኪሴ አላወጣውም ነበር። የምፈልገው ለሥራ ብቻ ሳይሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለኩራትም ነው።

ኩራቱ የሚያስፈልገኝ በምክንያት ነው። በእኛ አገር አንጥረኛ ጠይብ ይባላል፤ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል። ገበሬው ከእጄ መስቀል ተቀብሎ አንገቱ ላይ ያስራል፣ ከቤቴ ውሃ ግን አይጠጣም። ሕፃን ሲታመም እናቲቱ ባለፈው ገበያ በማን በኩል እንዳለፈች ታስባለች። ከሁሉ የከፋው ወሬ ግን ሌላ ነው። ቡዳ በዓይኑ የበላውን ሰው ከተቀበረ በኋላ ከመቃብር አስነስቶ ቤቱ ወስዶ ያሠራዋል ይላሉ። አባቴ ይህን ሲሰማ «ሙት የማስነሳ ብሆን ኖሮ ወናፉን እኔ እነፋው ነበር?» እያለ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ከተመለስሁ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግራዝማች ወንድይፍራው ጠሩኝ። ሰፊ ርስት ያላቸው፣ ቁመናቸው የሚያስፈራ፣ ሚስታቸውን ግን በጣም የሚወዱ ሰው ነበሩ። በረንዳቸው ላይ ከአሥመራ የመጣ ነጋዴ ተቀምጧል። ሚስታቸው ወይዘሮ ትርንጎና ትንሿ ልጃቸው ዘነበች በሩ ላይ ቆመዋል። ግራዝማች የወርቅ ቀለበት በመዳፋቸው ይዘዋል።

«ደሳለኝ» አሉኝ፣ «ይኼ ሰውዬ አልማዝ ነው ይለኛል። ለትርንጎ ልገዛላት ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

ቀለበቱን ወደ ብርሃን አወጣሁት። ሥሩ ክፍት ነው። ጠርዙ ስለት ነው። ውስጡ ከአንዲት ትንሽ ነጠብጣብ በቀር ንጹሕ ነው። ከዚያ የሙሴ ካራፔትን ጠርሙስ አውጥቼ ከጎኑ ያዝሁና ተነፈስሁባቸው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጠርሙሱ ጭጋግ ለበሰ፣ ቀለበቱ እንደ ጠራ ቀረ።

«ይኼ እውነተኛ ነው» አልሁ፣ ቀለበቱን እያሳየሁ። «ትንፋሽ የሚይዘው ይኼ ጠርሙሱ ነው።»

ነጋዴው ፈገግ አለ። ግራዝማች ራሳቸው ካልሞከርሁ ብለው በሁለቱም ላይ ደጋግመው ተነፈሱ። እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

የወርቁን ክብ በማጉያ ስመለከት ግን ደስ የማይል ነገር አየሁ። በውስጥ በኩል የባዕድ ፊደል ተቀርጾ ኖሮ ሊጠፋ ደርሷል። በፊደሉ መሐል ደግሞ ከወርቁ ቀለም ጥቂት የሚገረጣ ቀጭን መስመር ያልፋል። የብየዳ መስመር ነው።

«ጌታዬ» አልሁ፣ «ድንጋዩ ምንም አይወጣለትም። ቀለበቱ ግን አንድ ጊዜ በመጋዝ ከጣት ላይ ተቆርጦ ወጥቷል። ከዚያ ነው የተበየደው።»

«ከጣት ላይ ለምን ይቆረጣል?»

«ጣት ሲያብጥ ይቆረጣል። ወይም…»

«ወይም ምን?»

«ወይም ባለቤቱ ራሱ ማውለቅ ሲያቅተው።»

ግራዝማች ገባቸው። ሚስታቸውን በቆረጣ አዩና «አልማዝነቱን ነው የጠየቅሁህ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው» አሉኝ። ወይዘሮ ትርንጎ ግን ሰምተዋል። ቀለበቱን ወስደው ጣታቸው ላይ ገፉት። አንጓቸው ላይ ታግሎ አለፈ። ላስፋው ብዬ ብጠይቃቸው «ይኸው ይሻላል፤ አይጠፋብኝም» አሉ።

ያ ድንጋይ ለዚያ ቤት ጨዋታ ሆነ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግራዝማች የሚስታቸውን እጅ አንስተው እንግዳውን ያስተነፍሱታል። እኔም አንዳንዴ ተጠርቼ ከጠርሙሴ ጋር እገኝ ነበር። ውሎ አድሮ ያለ እኔና ያለ ጠርሙሱ ቀጠሉበት። ዓመት ሲደራረብ የትኛው ጭጋግ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደማይይዝ ተረስቶ፣ ድንጋዩ የትንፋሽ ነገር ያውቃል የሚለው ብቻ ቀረ። «የትርንጎ ቀለበት ትንፋሽ ያውቃል» ይባል ጀመር። አምደወርቅ ድረስ ወርጄ ይህን አባባል ከማላውቀው ሰው አፍ ሰምቻለሁ። ማረም አላማረኝም፤ ወሬው ሥራ ያመጣልኝ ነበር።

ዘነበች አድጋ ትልቅ ሴት በሆነችበት ዘመን አንድ ማለዳ ከግራዝማች ቤት ሎሌ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ወይዘሮ ትርንጎ አርፈዋል አለኝ። ሰውነታቸው ከብዷቸው ሰንብቶ ኮሶ ጠጥተው ኖሮ፣ በጣም አስቀምጧቸው ደክመው ተኙ፤ ሊቀሰቅሷቸው ሲሄዱ ቀዝቅዘው አገኟቸው። ከመገነዛቸው በፊት ቀለበቱ እንዲወጣ ተፈልጎ እጃቸው አብጦ እንቢ ብሏል።

ከሬሳ ላይ ቀለበት ማውጣት የአንጥረኛ ሥራ ነው። ሥራውን ስትጀምሩ ማንም አይነግራችሁም፣ አንድ ቀን ይጠሯችኋል። ክር፣ ሰምና ቀጭን መጋዝ ያዝሁና ሄድሁ። በደረስሁ ጊዜ ግቢው በለቅሶ ተናውጧል። እኔን ግን በፊት ለፊት አላስገቡኝም፤ በጓሮ አዙረው አስገቡኝ።

ክፍሉ ውስጥ ግራዝማች፣ ዘነበችና የነፍስ አባታቸው ነበሩ። ወይዘሮ ትርንጎ አልጋ ላይ ተዘርግተዋል። ፊታቸውን በነጠላ ላይ ነጠላ ደራርበው ሸፍነውታል። ለሌላ ሰው እንዲህ አይደረግም። ዓይኔ እንዳያርፍባቸው ነው። ለመልመዱ ለምጄዋለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አመመኝ። እኒያን ሴት እወዳቸው ነበር። እኔን በስሜ የሚጠሩ፣ ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጠው ሥራዬን የሚያዩ ሰው ነበሩ።

«እጇን ብቻ እይ» አሉኝ ግራዝማች።

እጃቸው ከነጠላው ሥር ወጥቶ ተዘርግቷል። በረዶ ነው። መጋዙን ከማንሳቴ በፊት ክር ልሞክር አልሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ክሩን በሰም ታሻላችሁ፣ ጫፉን በቀለበቱ ሥር ታሳልፋላችሁ፣ ከዚያ ከቀለበቱ ጀምራችሁ እስከ አንጓው ድረስ ጥብቅ አድርጋችሁ ትጠመጥማላችሁ። እብጠቱ ይጨመቃል። ጫፉን ስትስቡ ክሩ እየተፈታ ቀለበቱን ወደ ፊት ይገፋዋል።

ጠመጠምሁ። ቀለበቱ ከአንጓው ላይ ደርሶ ቆመ። እንደገና ለመጠምጠም ክሩን ፈታሁት።

በሞተ ሰው ጣት ላይ ክር ሲፈታ መስመሩ እንደ ተቀበረ ይቀራል። ጭቃ ላይ እንደ ታሰረ ገመድ ማለት ነው። ያን ዕለት ያየሁት ሌላ ነው። መስመሮቹ መጀመሪያ ነጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ደም እየተመለሰባቸው ቀላ ብለው ሞሉ።

በዓይኔ ያየሁትን አላመንሁም። እንደገና ጠመጠምሁ፣ እንደገና ፈታሁ። እንደገና ሞላ።

«ምን ትጠብቃለህ? ቁረጠዋ!» አሉኝ ግራዝማች። ከውጭ የለቅሶው ዜማ መሐል የዶማ ድምፅ ይሰማል፤ መቃብሩ እየተቆፈረ ነው።

«ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ማረፋቸውን በምን አወቃችሁ?»

«ምን አልህ አንተ?»

«በምን አረጋገጣችሁ ነው የምለው።»

«በራሷ ቀለበት ነዋ! ትንፋሽ በሚያውቀው። እጇን አንስቼ ድንጋዩን ከከንፈሯ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ጠብቄ ጠብቄ ጭጋግ አልያዘም። ደግሞ ያንተ ድንጋይ አይደለም እንዴ! ያስተማርኸን አንተ አይደለህም?»

«ጌታዬ፣ ድንጋዩ እኮ አልማዝ ነው።»

«አልማዝነቱን መች አጣሁት!»

«አልማዝ ትንፋሽ አይዝም። የሞተም ቢሆን፣ ያለም ቢሆን አይዝም። እርስዎ ራስዎ ይተንፍሱበት።»

ግራዝማች ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሚስታቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ድንጋዩ ላይ በረጅሙ ተነፈሱ። አዩት። እንደገና ተነፈሱ። ድንጋዩ እንደ ጠራ ነው።

ያንን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ትልቅ ሰው፣ ደረቱ እየወጣ እየገባ፣ ድንጋዩ መኖሩን ሲክደው ያያል። «እኔስ አለሁ?» ብለው የጠየቁ መሰለኝ፤ ድምፅ ግን አላወጡም።

«ፊታቸው ይገለጥ» አልሁ።

የነፍስ አባታቸው በመሐላችን ገቡ። «የጠይብ ዓይን እሬሳ ላይ? አይሆንም! ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው?» የፈሩት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አባቴ የሚስቅበት ወሬ ነው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ከተጣላሁ ያስወጡኛል፤ ካስወጡኝ ደግሞ ይቀብሯቸዋል።

ማጉያ መስታወቴን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ለዘነበች ሰጠኋት። «እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። አንቺ ነሽ የምታይው። መስታወቱ ከኪሴ ስለወጣ ሞቋል፤ መጀመሪያ የወለሉ ድንጋይ ላይ አስነክተሽ አቀዝቅዥው። ከዚያ ከከንፈራቸው አጠገብ ያዥው፣ እንዳይነካቸው። እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ። አትቸኩይ።»

ዞርሁ። ግድግዳው በጭቃ የተለሰነ ነው። ከልስኑ ውስጥ አንዲት የጭድ ሰንበሌጥ ወጥታ አፍንጫዬ ስር ትወዛወዛለች። የምትወዛወዘው በእኔ ትንፋሽ ነው። ከኋላዬ ነጠላው ሲገለጥ ሰማሁ። የውጭው ዶማ ድንጋይ አግኝቶ ይጮኻል። ጸሎት አላውቅም፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ግን የማውቀውን ሁሉ አልሁ። ስህተት ቢሆንስ? ክሩ ዓይኔን አታሎት ቢሆንስ? ያኔ እኔ በሬሳ የተጫወትሁ ቡዳ ነኝ፤ ከዚያ ግቢ በእግሬ መውጣቴንም እንጃ።

ዘነበች ምንም አትልም። ሰንበሌጧን አያለሁ።

«ደሳለኝ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። «ያዘ። ጠፋ ደግሞ። አሁንም… አሁንም ያዘ።»

ግራዝማች እየሮጡ ወጥተው «ዝም በሉ! ሁላችሁም ዝም በሉ!» ሲሉ ሰማሁ። ለቅሶው ባንድ ጊዜ ተቋረጠ። ያን ያህል ሰው ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሰማ ያውቀዋል። የነፍስ አባታቸው ተንበርክከው እያለቀሱ የወይዘሮ ትርንጎን እግር ያሹ ጀመር። ዘነበች ማር በሞቀ ውሃ በጥብጣ በጣቷ ከንፈራቸው ላይ ታንጠባጥብ ያዘች። እኔ በገባሁበት በጓሮ ወጣሁ። ወይዘሮ ትርንጎ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

የተቆፈረው መቃብር ባዶውን ነበር። ቆፋሪዎቹ ባዶ ጉድጓድ መድፈን ፈሩ። ሰው የሚያህል ግንድ አስተኝተው አፈር መለሱበት። ይህን ሰዉ ሁሉ አየ።

ከዚያ የሆነውን ልንገራችሁ። ግራዝማች በሬ ላኩልኝ። ከተማው ግን ሌላ ነገር ነው ያወራው። ጠይቡ ገባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አንድ ነገር አነበነበ፣ በመስታወት ጠራት፣ ተነሳች። እንዲህ ሲተርኩት ሁሉም ነገር ሆኗል፤ ውሸት ነው ብዬ የምጥለው አንድም ቃል አልነበረም። የተቀበረው ግንድ ነው? ወይስ ትርንጎ ነች ተቀብራ ግንዱ ተነስቶ የሚሄደው? ይህንንም በገበያ ቀን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ወይዘሮ ትርንጎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሴቶች መንገድ ይለቃሉ። ልጆች ጥላ እንዳላቸው ለማየት መሬት መሬቱን ይመለከታሉ። የከተማው ደንበኞቼ ራቁኝ። ከጋዝጊብላና ከሩቅ ቆላ ግን የክታብ ማቀፊያ ፈላጊ በረከተልኝ። ሙት የሚያስነሳ አንጥረኛ የሠራው ክታብ ይጠብቃል ተብሎ ነው። እንዲህ ዓይነት እንጀራ ቢበላም አይጣፍጥም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ትርንጎ ብቻቸውን ወደ ሱቄ መጡ። ከደጃፉ ላይ እንደ ድሮው ተቀመጡ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው አይቷቸው ተመለሰ።

«ደሳለኝ፣ ይኼን ቀለበት ቁረጥልኝ» አሉኝ።

«በክር እሞክረዋለሁ፣ እሜቴ።»

«አይ። ቁረጠው።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ላይ የሠራሁትን አልደብቅም፦ ጣታቸውን ለመለካት የሚመስል አድርጌ ክር ጠመጠምሁባቸውና ፈታሁት። መስመሩ ሞላ። ቀና ስል ወይዘሮ ትርንጎ እያዩኝ ነው።

«አንተም?» አሉኝ።

አፈርሁ። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«እኔም ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ እተነፍሳለሁ» አሉ። «ሁሉን እሰማ ነበር እኮ። ለቅሶውን፣ ዶማውን። መናገር ነው ያቃተኝ። ወንድይፍራው እጄን አንስቶ ድንጋዩን ከከንፈሬ ሲያስጠጋው፣ ተመስገን፣ አሁን ያየኛል አልሁ። ባለኝ አቅም ሁሉ ተነፈስሁበት። ካደኝ። አንተ ‹እውነተኛ ነው› ያልኸው ድንጋይ ካደኝ።»

መጋዙን አነሳሁ። ወርቅ የት ላይ እንደሚደክም እጅ ራሱ ያውቃል፤ መጋዜ ያረፈው በዚያው በድሮው የብየዳ መስመር ላይ ነው። ሲቆረጥ ጭረት የሚያህል ድምፅ አላሰማም። ከእሳቸው በፊት ቀለበቱን ያደረገችው ሴት ማን እንደነበረች አላውቅም። ቀለበቱን ሲቆርጡባት ከከንፈሯ አጠገብ ምን ይዘው እንዳረጋገጡ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አስባለሁ።

«አሁን ደግሞ ሌላ ሥራልኝ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «ድንጋዩ ጠርሙስ ይሁን።»

«ጠርሙስ? ለእርስዎ?»

«ትንፋሽ የሚይዝ ይሁን ነው የምልህ።»

ከመሳቢያዬ የሙሴ ካራፔትን ወረቀት አወጣሁ። ያችን ደሴ ላይ በስህተት ያነሳኋትን ድንጋይ ገልጬ አሳየኋቸው። ወደ አፋቸው አስጠግተው ተነፈሱባት። ጭጋግ ለበሰች። ጭጋጉ እስኪጠፋ ድረስ ተመለከቷት፤ ከዚያ እንደገና ተነፈሱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። የወርቅ ቀለበት ላይ ጠርሙስ በጥንቃቄ አስቀምጬ የማውቀው ለእሳቸው ብቻ ነው። በጣም ሰፋ አድርጌ ሠራሁት። አልማዙን ለዘነበች ሰጧት፤ እሷም በጥጥ ጠቅልላ አስቀመጠችው እንጂ አንድም ቀን አላደረገችውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ግራዝማች ቀደሟቸው። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ክረምት አንድ ጠዋት ዘነበች ላከችብኝ። ክርና መጋዝ ላምጣ ወይ ብዬ ሎሌውን ብጠይቀው «ባዶ እጃቸውን ይምጡ ብላለች» አለኝ።

በፊት ለፊቱ በር አስገቡኝ። ዘነበች ከአልጋው አጠገብ ቆማለች፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። የእናቷን እጅ አንስታ ጠርሙሱን ከከንፈራቸው አስጠግታ ይዛለች። ብዙ እንደቆየች ክንዷ መዛሉ ያስታውቃል። ሌሎቹ ሴቶች ማልቀስ ፈርተው ተቀምጠዋል።

የወይዘሮ ትርንጎ ፊት አልተሸፈነም።

«አያ ደሳለኝ፣ ለብቻዬ ፈራሁ» አለችኝ። «እርስዎ ይዩልኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጠርሙሱን አይደለም፤ ፊታቸውን ነው። ማንም አልከለከለኝም። ከዚያ ጠርሙሱን አየሁ፣ ጠበቅሁ። ዘነበች ክንዷ ሲዝል ክንዷን ደገፍሁላትና አብረን ጠበቅን። የመስኮቱ ብርሃን ከአልጋው ላይ ተነስቶ ወለሉ ላይ እስኪወርድ ድረስ ጠበቅን። ጠርሙሱ እንደ ጠራ ነበር።

«አርፈዋል» አልኋት።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ መለሰችው። ቀለበቱን ላውልቀው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ሰፊ ስለሆነ በጣት ይወጣል።

«አብሯት ይሂድ» አለች። «እሱ አልከዳትም።»

ከዚያ አለቀሰች፤ ሴቶቹም አለቀሱ። እኔም እዚያው ከሰው መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

አልማዝ ስትገዙ ተንፍሱበት። ትንፋሹ ወዲያው ከጠፋ እውነተኛ ነው፤ ቀለሙን፣ ውስጡን፣ አቆራረጡን አይታችሁ ግዙት። ስለ ሰው ግን ምንም አትጠይቁት።